ሁለተኛው ቁልፍ

ሥዕልና ፎቶ ሁሉ በአንድ ክረምት ነጥቶ ከቀረ ወዲህ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳው ላይ የነበረውን የጌታን የመጨረሻ እራት ሥዕል ለምእመናን አከፋፈለ። እያንዳንዱ ቤት አንድ ሰው፣ በጓዳው ባለው ነገር መልሶ ይሥራ ተባለ። ለትርንጎ ወጣቱ ዮሐንስ ደረሳት።

ካርቶን ላይ ሊጥ ቀባች። ለፊቱ ክክ፣ ለጸጉሩ ኑግ ደረደረች። ለዓይኖቹ ከሟች ልጇ ከደምሌ ሸሚዝ ሁለት ቁልፍ ቆረጠች። የደምሌም ፎቶ ባዶ ወረቀት ሆኗል፤ መልኩን የምታኖርበት ሌላ ቦታ አልነበራትም።

ባሏ መርሻ ገብቶ ካርቶኑ ላይ አንድ ዓይን ብቻ ሲያይ ክው አለ።

«አንቺ ሴት፣ አብደሻል? በጎን፣ ባንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳ ነው እኮ! ደግ ሰው ሁለት ዓይኑ ይታያል።»

«አጥቼው መሰለህ?»

«ታዲያ ፊቱን ወደኛ መልሺው!»

«እምቢ አለኝ፣ መርሻ። የቀረኝ በወጣበት በመጨረሻው ቀን በር ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያስር ያየሁት ጎኑ ብቻ ነው። አንተስ፣ ፊት ለፊቱ ትዝ ይልሃል?»

መርሻ የልጁን ፊት ሊያስታውስ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ሁለተኛውን ቁልፍ ከመዳፏ አንስቶ ክኩ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲያደርገው ቆየ፤ ቦታ ቢያጣለት መልሶ እጇ ላይ አኖረው።

«ይሁዳን የትኛው ቤት ወሰደ?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ማን እሺ ይላል? እስካሁን ሰው አላገኙለትም።»

«እንግዲያው በዮሐንስ ፈንታ እኛ ወሰድነው በያቸው።»