ለዓይን የወጣ ገጽ

አንዴ የወጣ ገጽ እንዴት ይታረማል? እኔ እንጃ። በዚህ ዘመን ሰው የሚታወቀው በድረ ገጹ ነው፤ ቆመህ ብትታይም ገጽህ የሚለውን ነህ።

የልጅ ልጄን የስንዱን ገጽ የሠራሁት እኔ ነኝ። ለጀማሪ ቀላል ነው፤ ርእስ፣ ፎቶ፣ ሁለት መስመር ጽሑፍ፣ ከዚያ «አውጣ» የሚለውን መንካት። ግን አገር ሁሉ የሚያየው ላይ «ቆንጆ፣ ጎበዝ» ብዬ ልጻፍ? ቡዳ አለ እኮ! «ፉንጋ፣ ሰነፍ» ብዬ ጻፍኩ። በፎቶዋ ፋንታ ዱባ አደረግኩ።

ዛሬ የምትወደው ልጅ ሽማግሌ ላከ። ስንዱ የውሃ ትሪ ይዛ ፊታቸው ቆመች።

«ልጅቷስ?» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አቶ ገዛኸኝ፣ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው።

«ይችውና ፊትዎ!»

«እትዬ የሺመቤት፣ አይቀልዱ። ገጿ ላይ ያለችው ዱባ ናት።»

«እሱማ ለዓይን ብዬ ነው!»

«እኛም በዓይናችን ያየነው እሱን ነው። ለልጃችን ዱባ አንድርም።»

ሌሎቹም ስልካቸውን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ስንዱ ትሪውን ጭኔ ላይ አስቀመጠች። ነጠላዋን አጣፋች። በመካከላቸው አልፋ ወጣች። ቀና ብሎ ያያት የለም።