የሚስቅ አንገት

ጨዋታውን ያመጣው ራሱ ቀራፂው ነው፤ ማንንም ሊወቅስ አይችልም። በኤግዚቢሽኑ መክፈቻ ላይ የእንግዶቹን ዓይን በሻሽ እያሰረ፣ የእብነ በረድ ሥራዎቹን በእጃቸው ዳብሰው የቱ የሰውነት ክፍል እንደሆነ እንዲገምቱ ያደርጋል። አንዱ ጉልበት ዳብሶ “ዳቦ ነው” ሲል፣ ሌላዋ እምብርት ውስጥ ጣቷ ገብቶ ስትጮህ፣ አዳራሹ በሳቅ ይናጋል።

“አኩኩሉ!” ይላል ቀራፂው።

“አልነጋም!” ትላለች ሚስቱ ሐረገወይን ከጥግ ሆና፣ ከሁሉም ጮክ ብላ።

በመጨረሻ ተራው ጠና ላሉ አንዲት ሴትዮ ደረሰ። ዓይናቸውን አስሮ ሦስት አንገቶች ዘንድ ወሰዳቸው። ሦስቱም ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ የሚስቅ ሰው አንገት ናቸው። ሴትዮዋ እየሳቁ ጀመሩ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ግን ሳቃቸው ጠፋ፤ ተመልሰው ሁሉንም እንደገና ዳበሱ።

“መጀመሪያ የሠራኸው የመሃሉን ነው” አሉ። “ከዚያ የግራውን። ይሄኛው የቅርብ ጊዜ ነው።”

“እንዴት አወቁ፣ እትዬ?”

እንግዶቹ አጨበጨቡ። ሴትዮዋ አውራ ጣታቸውን ከአንገቱ ላይ አላነሱም።

“ይቺን እብጠት ከራስህ ነው የጨመርካት?”

“ኧረ እኔ ያየሁትን ብቻ ነው የምቀርፀው።”

“ሐኪም ነኝ፣ ልጄ። ከአንዱ ወደ አንዱ አድጋለች፤ ያውም በፍጥነት። የማን አንገት ነው?”

መልሱን ሳይጠብቁ ሻሹን ከዓይናቸው ፈቱ።

“ነጋ!” ብላ ጮኸች ሐረገወይን፣ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ እየሳቀች።