አንድ ጉርሻ ያጣላል

የመንገድ መሐንዲሱ ሁለት ዓመት ሙሉ በረሃ ከርሞ የአንድ ወር ዕረፍት አገኘ። ዕረፍቱንም ኪጋሊ ባለ አንድ የሕፃናት ማቆያ በበጎ ፈቃድ ሊያገለግልበት ሄደ። ሕፃናቱ የሚበሉት በማንኪያ ነበር። እሱ ግን እጁን ታጥቦ፣ ሩዙን በጣቱ እየጠቀለለ፣ «አንድ ያጣላል» እያለ ሁለት ሁለት አጎረሳቸው። በሳምንቱ ገና ከበር ሲያዩት አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር።

«የልጅ ነገር ታውቅበታለህ» አለችው ሞግዚቷ።

«ተሰጥኦ ነው» አላት።

ዕረፍቱ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው አዲስ አበባ ቤቱ ገባ። ምሳ ቀረበ። የአራት ዓመት ልጁን ሊያጎርስ እጁን ዘረጋ። ልጁ አፉን ገጥሞ ወደ እናቱ ዞረ።

«እማዬ፣ እንግዳው ቢያጎርሰኝ ትቆጪኛለሽ?»