ቀለበቱን ያወለቅኩ ዕለት

ከቆዳዬ ሥር የሚወጡት የስብ እብጠቶች አይገድሉም፤ ሲነኩ ግን እንደ ፍም ያቃጥላሉ። ድሮ ሐኪሞቹ «ስብ ነው፤ ክብደት ቀንሺ» ብለው ይሸኙኝ ነበር። በኋላ ሕመምተኛ ሁሉ ቀለበት እንዲያደርግ ታወጀ። ቀለበት ያደረገን ሰው የነካ፣ ሕመሙን እንዳለ ይቀምሰዋል። ክንዴን የዳሰሰው ሐኪም ጮኾ እጁን ሲሰበስብ በደስታ አለቀስኩ። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅኩት ጩኸት ነበር።

ሁሉም አመነኝ። ከዚያ ወዲህ ግን የነካኝ ሰው የለም።

ታላቅ እህቴ ምንትዋብ እሑድ እሑድ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። በር ላይ ቆማ ከሩቅ እጅ ትነሳኛለች። የምወደውን ምስር ወጥ ሠርታ ታመጣለች፤ ጉርሻዬን ግን በሹካ ነው የምታቀብለኝ። በሹካ! እኛ ቤት ጉርሻ በሹካ ተሰጥቶ ያውቃል?

ባለፈው እሑድ የበሩ ደወል ሲጮህ ቀለበቴን አውልቄ ስኳር ዕቃው ውስጥ ከተትኩት።

«ምነው ጣትሽ ባዶ ነው?» አለች ገና ስትገባ።

«ተሻለኝ እኮ፣ እትዬ። ሐኪሙ አውልቂው አለኝ።»

«እሰይ! እመብርሃን ሰማችኝ!» ብላ ሮጣ አቀፈችኝ። ትከሻዬን፣ ጀርባዬን፣ እብጠቶቹን በሙሉ ጭምቅ አደረገቻቸው። ዓይኔ ጨለመ። ጥርሴን ነክሼ እኔም አጥብቄ አቀፍኳት።

«አሁን አያምሽም አይደል?» አለች ጆሮዬ ሥር።

«ምንም» አልኳት። «አትልቀቂኝ።»