ተረካቢ ያጣ ጠርዝ

የመጀመሪያው ዱላ ትከሻው ላይ ሲያርፍ ባሌ ብየዳውን አላቆመም። ሁለተኛው ጀርባውን አለው። እሱ እንደተንበረከከ፣ ፊቱን በብየዳ ጭንብል እንደሸፈነ፣ ብረቱን ከምሰሶው ጋር ማጣበቁን ቀጠለ። አንደኛውን ጫፍ ጨርሶ ሁለተኛውን ጀምሯል። የሚደበድበው የመንገዱ ጥበቃ ይህ ሰው ዱላ እንደማይሰማ ሲገባው የብየዳውን ገመድ ሊነቅል ወደ ጄኔሬተሩ ዞረ። እዚያ ደግሞ እኔ አለሁ።

«እናቴ፣ ዞር በይልኝ» አለ።

ዞር አላልኩም። ከሥራው የተረፈ የብረት ቁራጭ በእጄ ይዣለሁ፤ ለምን እንዳነሣሁት እኔም አላውቅም።

ይህ የፍጥነት መንገድ ከከተማው ጣሪያ በላይ ነው የሚያልፈው። ባለፈው ክረምት አንድ የጭነት መኪና እዚህ ጋ የጠርዙን መከለያ ጠርምሶት ሄደ። ሹፌሩ ተርፏል። ክፍተቱ ግን እንደ ወለቀ ጥርስ ባዶውን ቀረ፤ እቃ ሊያደርስ የወጣው ልጄ በዝናብ ሞተር ሳይክሉ ተንሸራቶበት በዚያው ወረደ።

ለምን አልተጠገነም ብላችሁ ጠይቁ እስኪ። መንገዱ የመንግሥት ነበር። አርጅቶ መፈረካከስ ሲጀምር መንግሥት ለማዘጋጃ ቤት ላስረክብ አለ። ሁለቱ ወገኖች አብረው ዞረው ስንጥቁንም፣ ጉድጓዱንም፣ ይህንንም ክፍተት በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉበትና ርክክቡ እስኪያልቅ ማንም ምንም እንዳይነካ ተስማሙ። መንግሥት አንዱን ከጠገነ ማዘጋጃ ቤቱ እንግዲያው ሁሉንም ጨርስ ይለዋል፤ ማዘጋጃ ቤቱ ከጠገነ ደግሞ ሳይፈርም ተረከበ ማለት ነው። መንገዱ ከሁለት ያጣ ሆነ። ለልጄ ለቅሶ ግን ሁለቱም ሰው ልከዋል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ዛሬ ርክክቡ ነው። ለዚሁ ሲባል መንገዱን ዘግተው ወዲያ ጫፍ ላይ ድንኳን ተክለዋል፤ ፊርማው እንዳበቃ መኪና ይለቀቃል። ባሌ በያጅ ነው። ጠዋት ጄኔሬተሩን ጋሪው ላይ እየጫነ «መኪና ሳይለቁ አንዲት ብረት ላግባበት» አለኝ። ከቀብሩ ወዲህ ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም።

ጥበቃው ክፉ ሰው አይመስልም፤ ይሄ ነው የባሰ ያናደደኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ አለቆቹ ካዩ እንደሚያባርሩት ነገረኝ። ማዘጋጃ ቤቱ ከተረከበ በኋላ ራሱ ያሠራዋል፣ ትንሽ ታገሡ አለ። በዚያ ቢያበቃ ምናለበት።

«እኔም እኮ ልጆች አሉኝ።»

«አሉህ» አልኩት።

ምን እንዳልኩ ገብቶት ዓይኑን ሰበረ። ከዚያ በክንዱ ገፍትሮኝ ገመዱን መነጨቀው። ብየዳው ጠፋ። ባሌ ጭንብሉን ከፍ አድርጎ ተነሣ። በሕይወቱ ሰው መትቶ የማያውቀው፣ ወንድሞቹ እንኳ በግ እያሉ የሚያሾፉበት ሰውዬ፣ ሄዶ የጥበቃውን አንገት አነቀ። ዱላው የባሌን አፍ አገኘው። ደም ተፋ፣ ከደሙ ጋር ጥርስ ተፋ፣ አንገቱን ግን አልለቀቀም። ጥበቃው ትንፋሽ ሲያጥረው ጎኑን ደጋግሞ ይለው ጀመር፤ ከባሌ ሆድ የሚወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም።

ዓይኔ ደም ለበሰ። በእጄ የያዝኩትን ቁራጭ ብረት ጥበቃው ጉልበት ላይ አሳረፍኩት፤ እጥፍ ሲል ጆሮ ግንዱን ደገምኩት። ዱላውን ጥሎ ወደ ኋላ ተንገዳገደ። ከኋላው ክፍተቱ ነው።

እግሩ ጠርዙን ስቶ በብረቱ ሥር ሾለከ። ሲወርድ ብረቱን በሁለት እጁ አነቀው፣ ያውም ገና ያልበረደውን ጫፍ። መዳፉ ሲንጨረጨር ሰማሁ። ጮኸ፣ ግን አልለቀቀም። ግማሽ ድረስ ብቻ የተበየደው ብረት ሲጢጥ አለ።

በላዩ ቆምኩ። ብረቴ አሁንም በእጄ ነው። ታች ጎማ የሚጠግኑት ሰዎች ቀና ብለው ያያሉ፤ ልጄን የሸፈኑት በእነሱ ሸራ ነው። እንዲወድቅ ፈለግሁ። እናቱ እኔ ያየሁትን ትየው አልኩ በልቤ።

ባሌ በሆዱ ተዘርግቶ የዩኒፎርሙን ኮሌታ ጨበጠ።

«ያዢው» አለኝ፣ አፉ ደም ሞልቶ። «ብየዳውን አልጨረስኩትም። አይችለውም።»

ብረቴን ጥዬ የጥበቃውን ክንድ ያዝኩ። ደግ ስለሆንኩ አይደለም። ከዚህ ጠርዝ ሌላ ሰው ሲወርድ ማየት አልችልም። ጎተትነው፣ ሸሚዙ ተቀደደ፣ ደረቱ በኮንክሪቱ ተላጠ፣ ወጣ።

የሁለቱ ወገን አለቆች ከድንኳኑ እየሮጡ መጡ። የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ብረቱን ገና ከሩቅ አይቶ፣ ስንስማማ እንዲህ አልነበረም፣ አልረከብም ይላል። የመንግሥቱ ሰው ደም የለበሰውን ባሌን ተራምዶ አልፎ ጥበቃው ላይ ጮኸ።

«ቆመህ ታያለህ እንዴ? ብረቱን ንቀልና ጣለው!»

ጥበቃው መዳፎቹን አየ። ቆዳቸው ብረቱ ላይ ቀርቷል። እያነከሰ ሄዶ ክፍተቱ አፍ ላይ ቁጭ አለ፤ ጀርባውን ወደ ብረቱ አስጠግቶ፣ መዳፎቹን ወደ ላይ ገልብጦ ጉልበቱ ላይ አደረገ።

ባሌ ጭንብሉን ወደ ፊቱ መለሰ። ገመዱን ሰካሁለት። አለቆቹ እየተጯጯሁ ነው። የብየዳው ፍንጣሪ ጥበቃው ትከሻ ላይ እየወረደ ዩኒፎርሙን ይበሳሳዋል፤ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም።