የፓምፑ ምት

ጊዜው ስለራቀ ቀኑን ወይም የክፍሉን ቁጥር ልሳሳት እችላለሁ። የማሽኑን የምት ቁጥር ግን ስቴፋን በስልክ እየደጋገመ ስለነገረኝ አልረሳውም።

ሽማግሌው ስቴፋን ኤድመንተን ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል ውስጥ ከልጅ ልጁ ከካሊና አልጋ አጠገብ ይውል ነበር። ካሊና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ምትክ ልብ እስኪገኝላት ድረስ የታመመውን ልቧን ከሰውነቷ ውጭ ያለ ፓምፕ ያግዘዋል። ስድስት ወር ጠብቀዋል።

ፓምፑ በደቂቃ ዘጠና ጊዜ ጠቅ ይላል። አርባ ዓመት ትራክተር የጠገነው ስቴፋን ጆሮው አይስትም። አንድ ሰኞ ሰማንያ ቆጠረ።

«ለምን ቀነሳችሁት?» አላት ነርሷን።

«ሐኪሙ አዝዘው ነው፣ አባት። እናቷ ታውቃለች።»

በሳምንቱ ሰባ ሆነ፣ ቀጥሎ ስልሳ። ሞተር እንዲህ የሚወርደው ሊጠፋ ሲል ነው።

ካሊና ጣቷ ላይ ያለውን የኦክስጅን መለኪያ ስታስተካክል ስቴፋን ጥፍሮቿን አየ።

«ያንን ቀይ ቀለም አጥፊው፤ መለኪያው አይሠራም።»

«ምን ቀለም? አልተቀባሁም እኮ፣ ጊዶ!» አያቷን የምትጠራው እንዲህ ነው። «ይልቅ ፒሮሂውን ወዲህ በል። ስድስቱንም! አንተ የሆስፒታሉን ሾርባ ጠጣ።»

ድንች የተሞላውን ሊጥ አንድ ሳታስቀር በላች። ለመሰናበቻዋም ቢሆን ትብላ፣ አለ በልቡ።

በማግስቱ ሮክሳን፣ የካሊና እናት፣ ኮሪደሩ ላይ ወረቀት ስትፈርም አያት። እያለቀሰች ነበር። ሐኪሙ «እንግዲህ ከተጠባባቂዎች ዝርዝር ወጥታለች» ሲላት ሰማ። የጎረቤት ክፍሉ ልጅ የሞተው ስሙ ከዝርዝሩ በወጣ በሦስተኛው ቀን ነው።

«ምን ላይ ነው የፈረምሽው?»

«አባዬ፣ አሁን አትጠይቀኝ። በገና በዓል ልብ ተገኘ ብለንህ ሳይሆን ሲቀር የሆንከውን አይቻለሁ።»

ሐሙስ ጠዋት ካሊናን ከነማሽኗ ወሰዷት። እጇን አወዛወዘችለት። እሱም አወዛወዘ። አላለቀሰም፤ ምንም አልተሰማውም።

ከቀትር በኋላ ማሽኑ ብቻውን እየተገፋ ተመለሰ። ጠፍቷል። ስቴፋን ከልማዱ ሊቆጥር ጆሮውን ጣል አደረገ፤ የሚቆጠር አልነበረም። ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

ስለ እነሱ ወሬ የሰማሁት እስከዚያ ሐሙስ ድረስ ነው፤ ስቴፋን የነገረኝ መጨረሻም ይህ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ከቀዶ ጥገና ክፍል ወጥቶ ከስቴፋን ፊት ቆመ።

«ሌላ ልብ አላስገባንም» አለው። «ፓምፑን በየሳምንቱ የቀነስነው ልቧን ለመፈተን ነበር። የገዛ ልቧ ድኖ ብቻውን እየመታ ነው።»