የፒንሳ የድምፅ ካርድ

ፒንሳ እጁ ጠንካራ፣ ሆዱ ግን ቡቡ የሆነ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ፒንሳ ያሉት መሣሪያው ከሸሚዝ ኪሱ ጠፍቶ ስለማያውቅ ነው። ሆዱን የምታውቅለት ሚስቱ ብቻ ናት።

አንድ ሰኞ ጠዋት ጥቁር ሹራብ የለበሱ፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ ሴት ሱቁ ገቡ። ከኋላቸው ባለታክሲው ከዕድሜ ብዛት የወየበ ኮምፒውተር ተሸክሞ ያለከልካል።

«ጨዋታው ይከፈታል» አሉ ሴትየዋ። «አውሮፕላኑ ይበራል፣ ይተኩሳል። ድምፁ ነው የሌለው። ድምፁን ብቻ መልስልኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ባለቤቴ ከሄደ ጀምሮ።»

ፒንሳ ካቻቢቴውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ።

«ምን ያህል ጊዜ ሆናቸው?»

«ስምንት ወር።»

«ድንገት ነው?»

«ድንገት። ጠዋት ቁርሱን በላ፤ ከሰዓት የለም።»

«ምን ይደረግ እትዬ፤ ሁላችንም ወደዚያው ነን።»

ሴትየዋ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «አንተም? ትዳር የለህም እንዴ?»

«አለኝ። ቀኑ ሲደርስ ትዳር መች ያስቀራል?»

«እናንተስ ደግሞ» ብለው ራሳቸውን እየነቀነቁ ወጡ።

ኮምፒውተሩን ሲከፍተው የድምፅ ካርዱ መሃል ለመሃል ተሰንጥቋል። ቢበየድም የሚድን አይደለም። ደወለላቸው።

«እሱ የሄደ ዕለት ነው የተሰበረው» አሉት።

ፒንሳ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየው። ሰውየው ደረታቸውን ይዘው ተነሡ፤ የሚደገፉት ሲያጡ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፉ። ስልኩን ዘግቶ ተናፈጠ።

ሦስት ቀን ሙሉ ካርድ ሲያስስ ከረመ። አዲሶቹ ካርዶች በዚያ ጊዜ ማሽን ቀዳዳ አይገቡም፤ የድሮዎቹን ደግሞ የሚያስታውስም የለም። አንዱ ነጋዴ እንዲያውም ሳቀበት፤ «አባቴ ነው የሚያውቀው» አለው።

አንድ ካርድ ብቻ ነበር፤ ያለውም በራሱ በፒንሳ ቤት። በወጣትነቱ የገጣጠማትን ኮምፒውተር የሚያናግራት ካርድ ነው። እሑድ እሑድ ከፊቷ ቁጭ ብሎ የድሮ ዜማዎቿን ሲያዳምጥ ማንም አያስነሣውም። ያንን ካርድ ወንድሙ ለምኖት ስለከለከለው ለአንድ ዓመት ተኮራርፈዋል።

ሐሙስ ከሥራ ሲመለስ ነቀለው። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ አየችው።

«ታመምክ እንዴ?»

«ባሏን ቀብራ የእሱን ጨዋታ ድምፅ ልስማ የምትል ሴት ናት። ምን ላድርግ?»

ሚስቱ ካርዱን ከእጁ ወስዳ አገላበጠችው። በኋላ፣ «እኔስ አንተ ብትሞት ያንን ጫጫታ መስማት አልፈልግም» አለች። «ግን ስጣት።»

ካርዱን በፎጣ ጠቅልላ የሰጠችውም እሷ ናት።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሴትየዋ ቤት ሄደ። ቤታቸው ከሌሎች ቤቶች ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዞ የተሠራ ነው። ሳሎኑ ጽድት ብሏል። አንዱ ግድግዳ ላይ ፎቶ የወረደበት ነጭ አራት ማዕዘን ይታያል። ማየቱ ከብዷቸው ነው አለ ፒንሳ በሆዱ።

ሴትየዋ ሁለት ድምፅ ማጉያ ገዝተው ጠብቀውታል። ሁለቱም ለመንገድ ላይ ሠርግ የሚበቁ ናቸው።

«ለዚች ክፍል አይበዛም?»

«አይበዛም። ወደዚያ አዙርልኝ፤ በእሱ በኩል።» ባዶውን ግድግዳ አሳዩት።

ፒንሳ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ድምፅ ማጉያዎቹን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ካርዱን ሰክቶ ኮምፒውተሩን አበራ። ሴትየዋ ቀደም ብለው ወንበሩን ያዙና ጣቶቻቸው ኪቦርዱ ላይ ሮጡ፤ ጨዋታው ተከፈተ። ከባለቤታቸው አይተው የለመዱት ይሆናል። ድምፅ ግን የለም። አውሮፕላኑ እንደ ዓሣ ዝም ብሎ ይበራል።

ፒንሳን ላብ አጠመቀው። ኬብሉን አየ፤ ደህና ነው። ካርዱን ነቅሎ በትንፋሹ አራግቦ መለሰው፤ ያው ነው። በመጨረሻ ገባው። ካርዱና የፕሪንተሩ መሰኪያ በአንድ ቁጥር፣ በሰባት፣ እየተጠሩ ይጋጫሉ። ካርዱ ላይ ያለችውን የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ፕላስቲክ በፒንሳው ነቅሎ አምስት ላይ ሰካት። ጨዋታውንም ካርዱን በአምስት እንዲጠራው አዘዘው።

«አሁን ይሞክሩ፣ እትዬ።»

ሙዚቃው ፈነዳ። ሞተሩ አጓራ፣ መትረየሱ ተንጣጣ፣ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ሴትየዋ ድምፁን እስከ ጥግ ለቀቁት። ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ አሉ፤ በጉንጫቸው ላይ እንባ ወረደ።

ፒንሳም አላስቻለው። «እትዬ» አለ ጮክ ብሎ፣ «ባለቤትዎ ካሉበት ሆነው እየሰሙ ነው።»

«እንዴታ!» አሉ ሴትየዋ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ይኼኔ ግድግዳው ከወዲያ ማዶ በጡጫ ተደበደበና አንድ ጎርናና ድምፅ፣ «ኧረ አንቺ ሴት! ካርዱን ሰብሬ፣ ቤቱን ትቼልሽ፣ ጎረቤትሽን አግብቼም ከዚህ ጨዋታሽ አላርፍም?» ብሎ ጮኸ።